ቅላፄው ሲወጣ ምን ይቀራል?

«ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ቀልድን ለመናቅ የተነገረ ይመስላል። ጠለቅ ተብሎ ሲታይ ግን ለቀልድ ትልቅ ግምት የሰጠ ነው፤ ቤት ለማጥፋት አቅም የሌለውን ነገር አስቀድሞ የሚፈራው የለምና። ቀልድ ቤት የሚያጠፋ ከሆነ ደግሞ ቤት የማቆም ኃይልም እንዳለው መቀበል ግድ ይላል። ልዩ ልዩ ብሔረሰቦች በአንድ ከተማ ተጠጋግተው በሚኖሩበት በምሥራቅ አፍሪካ፣ ማን በማን ይስቃል፣ ማንስ ተስቆበት ዝም ይላል የሚለው ጥያቄ የመዝናኛ ጥያቄ ብቻ ሆኖ የማይቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄውን ለመመርመር ከናይሮቢ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያዳግታል። ከከተማዋ እምብርት ወደ ደቡብ፣ በሞምባሳ መንገድና በላንጋታ መንገድ መካከል፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሠፈር አለ። ስሙ ከከተማ ፕላን ወረቀት ላይ የተወሰደ ነው፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ደቡብ ሐ» ከመባል አያልፍም። ነዋሪው ግን እንደ ስሙ ደረቅ አይደለም። ሶማሌ ኬንያውያን፣ የዘር ሐረጋቸው ከህንድ ክፍለ አህጉር የሚመዘዝ ቤተሰቦች፣ ኪኩዩው፣ ሉዎው፣ ካምባው፣ ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ የመጡ ሰዎችም በአንድ አጥር ተዋስነው ይኖሩበታል። ሠፈሩን በአንድ ወገን የዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ያዋስነዋል። ከማረፊያው ማዶ፣ በላንጋታ መንገድ በኩል፣ ካርኒቮር የተባለው ዝነኛ ምግብ ቤትና የዝግጅት ስፍራ ይገኛል። አንድ ሙሉ የኬንያ ስታንድ አፕ ኮሜዲ ትውልድ ያፈራው «ቸርችል ሾው» ለዓመታት ሲቀረጽ የኖረው በዚሁ ስፍራ ነው።

እንግዲህ የአገሪቱ ሳቅ የሚሠራበትን መድረክና በመድረኩ ላይ አነጋገራቸው የሚቀዳባቸውን ሰዎች መኖሪያ የሚለያያቸው አንድ አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ርቀቱ አጭር ይሁን እንጂ መንገዱ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። አንዳንዱ ጎረቤት በራሱ አንደበት ለመናገር ወደ መድረኩ ይወጣል፤ ሌላው ግን እዚያ የሚደርሰው በሌላ ሰው አፍ ብቻ ነው።

ከሬዲክዩላስ እስከ ቸርችል

የኬንያ የቴሌቪዥን ቀልድ የጀመረው በጭውውት መልክ ነበር። በመንግሥቱ ጣቢያ የተላለፉት «ቪቲምቢ» እና ታሪኩን በችሎት ላይ የመሠረተው «ቪዮጃ ማሃካማኒ» ለረጅም ዓመታት በየቤቱ ታይተዋል። ሁለቱም በኪስዋሂሊ የሚቀርቡ፣ አንዱ ገጸ ባሕርይ ሌላውን እየሞገተ የሚሄድባቸው ሥራዎች ናቸው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዋልተር ሞንጋሬ፣ ቶኒ ንጁጉናና ጆን ኪያሪ የተባሉ ሦስት ወጣቶች «ሬዲክዩላስ» በተሰኘ ዝግጅት ብቅ አሉ። ከ1978 ጀምሮ አገሪቱን ሲገዙ የቆዩትን የፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይን ድምፅ፣ አረማመድና አነጋገር በአደባባይ ቀዱ። ለአንድ ትውልድ በሹክሹክታ ብቻ ሲነገር የኖረ ነገር በቴሌቪዥን ተሳቀበት። ከሦስቱ አንዱ ጆን ኪያሪ በ2017 የዳጎሬቲ ደቡብ የምክር ቤት አባል ሆኖ መመረጡ፣ በዚያች አገር ከቀልድ መድረክ እስከ ፖለቲካ መድረክ ያለው መንገድ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የሞይ ቅላፄ የካሌንጂን ቅላፄ ነበር። ሆኖም በዚያን ወቅት የተሳቀበት ካሌንጂንነት ሳይሆን ሥልጣን ነው። ተመልካቹ የሳቀው ሰውየው ኪስዋሂሊውን እንዴት እንደሚያወጣው ሰምቶ ብቻ አይደለም፤ ያ ድምፅ ማታ በዜና ሲነገር አገር ምድሩ ጸጥ ይል እንደነበር ስለሚያውቅ ጭምር ነው። ያንኑ ቅላፄ ከፕሬዚዳንቱ አፍ አውጥተው በአንድ ችግረኛ ገበሬ አፍ ቢያስቀምጡት ድምፁ ያው ነው፤ ቀልዱ ግን ያው አይሆንም። የመጀመሪያው ከታች ወደ ላይ ይወረወራል፤ ሁለተኛው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል።

ከሬዲክዩላስ በኋላ የመጣው ዳንኤል ንዳምቡኪ፣ በመድረክ ስሙ ቸርችል፣ ያደረገው ነገር ሌላ ነው። በጥቂት ሰዎች እጅ የነበረውን መድረክ ለብዙዎች ከፈተው። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ወጣቶች ማይክሮፎን ጨበጡ። ካምባው ቸርችል ራሱ አጋፋሪ ሆኖ፣ በመምህርት መልክ የምትቀርበው ቲቸር ዋንጂኩ የኪኩዩን፣ ጀሙታይ የካሌንጂንን፣ ኤምሲ ጄሲ የሜሩን አነጋገርና ጠባይ ይዘው ወጡ። ሴቶች ከወንዶች እኩል ባይበዙም በስማቸው የሚታወቁ ሆኑ። ይህ የሆነው መቼ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ከ2007 ምርጫ በኋላ በተነሣው ሁከት ከ1,100 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። በማግሥቱ ኪኩዩውም ሉዎውም ካሌንጂኑም በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው፣ ተራ በተራ በየራሳቸው ሲሳቅ አብረው መሳቃቸው ቀላል ነገር አይደለም። የቸርችልን መድረክ በፈገግታ ብቻ አይቶ የሚያልፍ ሃያሲ ይህን ውለታ መዘንጋት አይገባውም።

የመግቢያ ቲኬት

ውለታው ግን ዋጋ ነበረው። ለእያንዳንዱ ቀልደኛ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ተመልካቹ ሰውየውን አያውቀውም። ቀልደኛው ራሱን ለማስተዋወቅ የሚያባክነው ጊዜ የለውም። በዚህ ጥበት ውስጥ ፈጣኑ መታወቂያ ቅላፄ ሆነ። አፉን በከፈተ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አዳራሹ ከወዴት እንደመጣ ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው ነገር አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። ኪኩዩ ከሆነ ገንዘብ ይወዳል፤ ሉዎ ከሆነ ይኩራራል፤ ሉህያ ከሆነ ዘበኛ ነው፣ ኡጋሊ ይበላል፤ ሜሩ ከሆነ ጫት ይቅማል፣ ቶሎ ይቆጣል። ቀልደኛው አዲስ ነገር እንዲናገር ሳይሆን የታወቀውን አሳምሮ እንዲያረጋግጥ ይጠበቅበታል። መድረኩ ለሁሉም ተከፈተ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቅላፄውን እንደ መግቢያ ቲኬት እያሳየ እንዲገባ ሆነ።

የቅላፄ ቀልድ የሚሠራበትን መንገድ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስቸግርም። የሉዎ ቋንቋ «ሸ» የሚል ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ እርሻ ማለት የሆነው የኪስዋሂሊ ቃል «ሻምባ» በአንዳንድ ሉዎዎች አፍ «ሳምባ» ይሆናል። ኪኩዩ «ለ» የለውም፤ «ለ» የነበረው «ረ» ይሆናል። ካሌንጂኑ ደግሞ «በ»ን ከ«ፐ»፣ «ገ»ን ከ«ከ» ያቀያይራል። የስሕተቱ መነሻ የእናት ቋንቋ ሥርዓት ነው፤ በድንቁርና የመጣ አይደለም። መድረኩ ግን ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ አያደርግም። ምላስ የሳተው አእምሮ እንደሳተ ተቆጥሮ ይሳቅበታል።

መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበበ ሰው የ«ሸ» እና የ«ሰ» ነገር ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል ያስታውሳል። በዮርዳኖስ መሻገሪያ የቆሙት የገለዓድ ሰዎች የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል ይሉት ነበር። «ሲቦሌት» ያለው ኤፍሬማዊ መሆኑ ታውቆ ይገደላል። በዚያ ቀን የወደቁት 42 ሺሕ እንደሆኑ ተጽፏል። ኬንያም በ2008 መጀመሪያ ሳምንታት በአንዳንድ መንገዶች ላይ ሰው በአነጋገሩና በስሙ እየተለየ የተጠቃበትን ጊዜ አይታለች። መድረኩ ላይ የሚያስቀው ቅላፄና በኬላ ላይ የሚያስይዘው ቅላፄ ሁለት አይደሉም። አንድ ናቸው። ስለዚህም በዚያው በ2008 የወጣው የብሔራዊ ትስስርና ውህደት ሕግ ብሔርን ከብሔር የሚያጋጭ ንግግርን ወንጀል አደረገ። ሕጉ ዛቻንና ስድብን ይይዛል። ሳቅን ግን አይይዝም፤ ሊይዝም አይገባውም። በሳቅ ላይ የመፍረድ ሥራ የተተወው ለተመልካቹና ለሃያሲው ነው።

የምዜ ኦጅዋንግ ትምህርት

«እንግዲያው ማንም በሌላው ቅላፄ አይናገር» የሚል ድምዳሜ ላይ ለመድረስ የሚቸኩል ሰው አንድ ከባድ ተቃውሞ ይጠብቀዋል። ተቃውሞው ቤንሰን ዋንጃው ነው። በ2015 ያረፈው ይህ አንጋፋ ተዋናይ በ«ቪቲምቢ» ምዜ ኦጅዋንግ ሃታሪ የተባለውን ሉዎ ሽማግሌ ለብዙ ዓመታት ተጫውቷል። ቅላፄው የተዋጣለት ስለነበር ብዙ ሰው ተዋናዩ ራሱ ሉዎ ይመስለው ነበር። ሰውየው ግን ኪኩዩ ነበር። የአገሪቱ ፖለቲካ በኪኩዩና በሉዎ መሪዎች ሽኩቻ ሲታመስ በኖረበት ዘመን፣ አንድ ኪኩዩ የሉዎን አንደበት ተውሶ ሉዎዎች ራሳቸው የሚወዱት ሰው ሆነ።

ይህ እንዴት ተቻለ? መልሱ ያለው በድምፁ ሳይሆን በገጸ ባሕርዩ ነው። ኦጅዋንግ ቤት አለው፤ ሚስት አለችው፤ ማማ ካያይ ሆና የተጫወተችው ሜሪ ካቬሬ በፊቱ ቆማ ትሞግተዋለች። ይሳሳታል፣ ይኮራል፣ ይረታል፣ አንዳንድ ጊዜም ይረታዋል። ቅላፄውን ቢያወጡበት እንኳ ግትር አባወራ፣ የሚወደድ ሽማግሌ ሆኖ ይቀራል። ቅላፄው ልብሱ እንጂ ሰውነቱ አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄው «ማን በማን ቅላፄ ይናገራል?» ከሚለው ይልቅ «ቅላፄው ሲወጣ ሰው ይቀራል ወይ?» የሚለው መሆን አለበት።

ጥያቄው በተግባር የሚፈተንበት ቀላል መንገድ አለ፤ እሱም ትርጉም ነው። ቀልዱን ወደ ሌላ ቋንቋ መልሱት። ቅላፄ ድንበር አይሻገርም፤ የሉዎ «ሰ» በአማርኛ ምንም አያስቅም። ከትርጉሙ በኋላ አንዳች ነገር ከቀረ፣ ቀልዱ ሐሳብ ነበረው ማለት ነው። ምንም ካልቀረ ግን የተሳቀው በሐሳብ አልነበረም፤ በሰው ነበር። ለምሳሌ በኪስዋሂሊ «ኩላ» መብላት ነው፤ «ኩራ» ደግሞ የምርጫ ድምፅ። «ለ»ን «ረ» በሚያደርግ ምላስ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ይህን ይዞ በምርጫ ሰሞን መድረክ የሚወጣ ቀልደኛ የምላስን መሳት ብቻ እያሳየ ሊመለስ ይችላል። ብልህ ከሆነ ግን ድምፅ መስጠትና መብላት በአገሩ ፖለቲካ ምን ያህል እንደተቀላቀሉ በዚያች በአንዲት ፊደል ይናገራል። ሰምና ወርቅ የለመደ የአማርኛ አንባቢ ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል። በመጀመሪያው ቀልድ ሰም ብቻ አለ። ሁለተኛው ቀልድ ቢተረጎም ሰሙ ይቀልጣል፤ ወርቁ ግን ይተርፋል።

ከክቡ ውጭ የቆሙት

በኬንያ መድረክ የቅላፄ ቀልድ ጉዳት እንዳይከፋ የሚያደርግ አንድ ነገር አለ። ኪስዋሂሊ ከባሕር ዳርቻው ሕዝብ በስተቀር ለአብዛኛው ኬንያዊ የእናት ቋንቋ አይደለም። ሁሉም በሌላ ቋንቋ ምላስ ይናገረዋል፤ ሁሉም ይሳሳታል። ስለዚህ ሳቁ ይዞራል። ዛሬ በሉዎው የሳቀው ኪኩዩ ነገ ሉዎው ተራ ሲደርሰው ይሳቅበታል። ዕዳና ብድር እየተመላለሰ ሒሳቡ በመጠኑም ቢሆን ይመጣጠናል።

የሳውዝ ሲ ሶማሌና ህንዳዊ ጎረቤት ግን በዚህ ዕድር ውስጥ አባል አይደለም። ይሳቅበታል፤ የመሳቅ ተራው ግን እምብዛም አይደርሰውም። በ2019 የሕዝብ ቆጠራ ሶማሌ ኬንያውያን 2,780,502 ነበሩ፤ ከአገሪቱ ብሔረሰቦች በቁጥር ስድስተኛው ማለት ነው። ሆኖም በመድረኩ ላይ ሶማሌው በአብዛኛው የሚታየው በሌላ ቀልደኛ አፍ ነው። ስሙም «ዋሪያ» ነው። ቃሉ በራሱ በሶማሊኛ ሰው ሲጠራ «አንተ!» እንደማለት ነበር፤ በናይሮቢ ጎዳና የብሔር ስም ሆኖ ቀረ። ህንዳዊውም እንዲሁ «ሙሂንዲ» ተብሎ፣ ከሱቁ ጠረጴዛ ጀርባ ቆሞ፣ በተሰባበረ ኪስዋሂሊ ሠራተኛውን የሚቆጣ ስስታም ሆኖ ይቀዳል። አያቶቹ ከ1896 ጀምሮ የባቡሩን ሐዲድ ለመዘርጋት ከመጡት ከ30 ሺሕ በላይ ሠራተኞች ጋር ወይም ከእነሱ በኋላ መጥተው ይሆናል። የኬንያ መንግሥት በ2017 የእስያ ዝርያ ያላቸውን ዜጎች 44ኛው የአገሪቱ ነገድ ብሎ ዕውቅና ሰጥቷል። በቀልዱ ዓለም ግን ገና እንግዳ ነው።

ነገሩ ከመድረክ ውጭ ትርጉም ያገኘው በ2014 ነው። ባለፈው ዓመት በዌስትጌት የገበያ አዳራሽ ላይ በተፈጸመው ጥቃት 67 ሰዎች ተገድለው ነበር። በኤፕሪል 2014 ፖሊስ «ኡሳላማ ዎች» የሚል ስም በሰጠው ዘመቻ በኢስሊና በሳውዝ ሲ ቤት ለቤት ፍተሻ አካሄደ። ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች ተያዙ፤ ብዙዎች በካሳራኒ ስታዲየም እንዲቆዩ ተደረገ። ከተያዙት አብዛኞቹ ሶማሌዎች ሲሆኑ ኢትዮጵያውያንም ነበሩባቸው። ለዘመቻው ምክንያት የሆነው ቀልድ ነው ብሎ የሚከራከር የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ሆኖም አንድን ጎረቤት ለዓመታት በዕቃ ኮንትሮባንድና በፈንጂ ብቻ እያነሣ ሲስቅ የኖረ ከተማ፣ ያ ጎረቤት በሌሊት ከቤቱ ሲወሰድ የሚሰማው ድንጋጤ ያነሰ ይሆናል። ሳቁ በር አልሰበረም። በሩ ሲሰበር ግን ጎረቤቱ ብዙም እንዳይደነቅ አስቀድሞ አለማምዶታል።

ይህ ምስል ምን ያህል ከእውነት የራቀ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ስም አለ፤ አብዲ ጀይላኒ ማርሻሌ። በሞቃዲሾ የታወቀ ሶማሊያዊ ቀልደኛ ነበር። አል ሸባብን በአደባባይ ያፌዝበት ነበር። በ2012 አጋማሽ በታጣቂዎች ተተኩሶበት ተገደለ። በናይሮቢ መድረክ ላይ «ሶማሌ» ሲባል ፈንጂ የሚታወሰው ተመልካች፣ በዚያው ዘመን በፈንጂ ባለቤቶች ላይ ለመሳቅ ሕይወቱን የከፈለ ሶማሌ ቀልደኛ እንደነበረ አልተነገረውም። የሶማሌ ሕዝብ በሥነ ቃሉና «ሪዋያድ» በሚለው ተውኔቱ የታወቀ ነው። ቀልድ አጥቶ ሌላ እንዲቀልድለት የሚጠብቅ ሕዝብ አይደለም።

ጉዳቱ ለመድረኩም ነው። ከዊልሰን ማረፊያ ለዓመታት ጫት የጫኑ አነስተኛ አውሮፕላኖች ወደ ሶማሊያ ይበሩ ነበር። ጫቱን የሚያመርተው ሜሩ ነው፤ የሚገዛው ሶማሌ። ሶማሊያ በ2020 ገበያውን ዘግታ በ2022 እስክትከፍተው ድረስ የሜሩ ገበሬ ዓይኑን ወደ ሞቃዲሾ አንጋጦ ቆይቷል። በዚህ ውስጥ ስንት ቀልድ አለ! ሁለት ሕዝቦች፣ አንዱ በሌላው እየሳቀ፣ አንዱ ያለሌላው ማደር አልቻለም። መድረኩ ግን ሜሩውን ለብቻው ጫት ቃሚ፣ ሶማሌውን ለብቻው ዋሪያ አድርጎ ሲያቀርብ ይህን ታላቅ ጭውውት ሳያየው ያልፋል። የሰውን ልዩ ልዩነት በእውነት የሚወክል ቀልድ ከፍትሕ በተጨማሪ የተሻለ ሳቅም ያስገኛል።

ከሌላው ዓለም ሁለት ምስክሮች

ጥያቄው የናይሮቢ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ዴቭ ቻፔል በ2005 በሚሊዮን ዶላሮች የተዋዋለበትን የቴሌቪዥን ዝግጅት ጥሎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። በኋላ እንዳስረዳው፣ በጥቁሮች ላይ በሚሰነዘረው የተለመደ ምስል ለመሣለቅ ያዘጋጀው አንድ ጭውውት ሲቀረጽ፣ በስፍራው ከነበሩት አንዱ የሳቀበት መንገድ አሳሰበው። ቀልዱ ያነጣጠረው በምስሉ ላይ ነበር፤ ሰውየው ግን የሳቀው ምስሉን ራሱን ወድዶ እንደሆነ ጠረጠረ። ቀልደኛ ምን እንዳለ ያውቃል፤ ተመልካቹ በምን እንደሳቀ ግን ሁልጊዜ አያውቅም። ያንን ልዩነት ያወቀ ቀን ቻፔል ዝም አለ።

ሁለተኛው ምስክር ከታስማኒያ የመጡት አውስትራሊያዊ ቀልደኛ ሐና ጋድስቢ ናቸው። «ናኔት» የተባለው ሥራቸው በ2018 ለዓለም ሲቀርብ፣ በራስ ላይ መቀለድ ሁልጊዜ ትሕትና አይደለም የሚል ክርክር አነሡ። ቀድሞውንም ከማኅበረሰቡ ጠርዝ የተገፋ ሰው በራሱ ላይ ሲቀልድ፣ ለመናገር ፈቃድ ለማግኘት ራሱን ያዋርዳል ነው ሐሳቡ። ይህ ክርክር በናይሮቢ መድረክ ላይ ብዙ ይገልጣል። ቅላፄውን አጋንኖ፣ የገዛ ወገኑን ሞኝ አድርጎ የሚያቀርብ ወጣት «በራሴ ነው የቀለድኩት፤ ማን ይከሰኛል?» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ የሚከሰው የለም። ግን ቲኬቱን የቆረጠው ማን እንደሆነ፣ ዋጋውንም ማን እንደተመነ መጠየቅ ይገባል።

ወደ ራስ ሲመለሱ

ይህን ሁሉ የሚያነብ የአማርኛ አንባቢ በኬንያውያን ላይ ፈራጅ ሆኖ እንዳይቀመጥ ያሰጋል። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እንዳይሆን ወደ ቤት መመልከት ያሻል።

አማርኛ ጥንታዊና ጥልቅ የሆነ የቀልድ ሀብት አለው። የአለቃ ገብረ ሐና ነገር ዛሬም በየማኅበሩ ይነሣል። የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የዘመናዊው ተውኔታችን መነሻ ሲሆን፣ ሹማምንትን በአውሬዎች አንደበት ሸንቁጦ መድረክ እንዳይወጣ ታግዷል። አዝማሪው በታዳሚው ፊት ታዳሚውን ይነካል። ከዚያም በቴሌቪዥን በዓላትና በካሴት የደመቁት ልመነህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ መጡ፤ ተስፋዬ ካሳና ክበበው ገዳም በየበኩላቸው ስም አተረፉ። የጥንዶቹ ጭውውት አንድ መልካም ነገር ነበረው፤ የሚቀለድበት ሰው በስፍራው አለ፣ ይመልሳል። ስታንድ አፕ በብዛት ሲተካው ግን መላሹ ከመድረክ ወረደ።

ከዚህ ሀብት ጎን ለጎን ሌላ ልማድ አለ። ጉራጌው ነጋዴ፣ አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት የሚያቀያይረው ኦሮሞ፣ ከተማ ገብቶ ግራ የሚጋባው ባላገር የአማርኛ ቀልድ የዘወትር ቀለብ ሆነው ኖረዋል። እዚህ ላይ ከኬንያ የሚለየን ነገር አለ፤ ልዩነቱም ለእኛ የሚመች አይደለም። ኪስዋሂሊ ለአብዛኛው ኬንያዊ የተውሶ ቋንቋ ስለሆነ የሁሉም ቅላፄ ይሳቅበታል። በእኛ ዘንድ ግን የአዲስ አበባው አማርኛ ቅላፄ እንደሌለው ይቆጠራል። ዳኛው እሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተከሳሽ። ሳቁ አይዞርም፤ ከመሐል ወደ ዳር ብቻ ይሄዳል። ብድሩም ሳይመለስ ለብዙ ዓመታት ተጠራቅሟል።

ያ ዕዳ ቀላል እንዳልነበር የቅርቡ ታሪካችን አሳይቷል። በኢትዮጵያም የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል። ብዙ ቀልደኞችም የብሔር ቅላፄ ከመቅዳት መቆጠብን መርጠዋል። ጥንቃቄው ይገባል፤ ነገር ግን ዝምታ መፍትሔ ሊሆን አይችልም። ትናንት በቅላፄው የተሳቀበት ሰው ዛሬ ስለ እሱ ምንም ባለመነገሩ ውክልና አገኘ አይባልም። ፊት በመቀዳት ጠፍቶ ነበር፤ አሁን በመዘንጋት ጠፋ።

ከአገሩ ወጥቶ ናይሮቢ የከተመው ሐበሻ ደግሞ ነገሩን ከሁለቱም ወገን ያየዋል። በአዲስ አበባ የጉራጌውን ቅላፄ ሰምቶ ሲስቅ የነበረ ሰው፣ ናይሮቢ ሲደርስ የገዛ ኪስዋሂሊው የሌላ ሰው መሳቂያ ይሆናል። በፍተሻ ጊዜም ፖሊሱ እሱንና ሶማሌውን ጎረቤቱን ለይቶ ላያይ ይችላል። የተቀዳ ሰው ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ሌላ መምህር አያሻውም።

የቀልዱ መድረክ በበኩሉ እየተለወጠ ነው። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ብዙ የኬንያ ቀልደኞች ወደ ዩቲዩብና ወደ ቲክቶክ ገብተዋል። እዚያ የጥቂት ደቂቃው ጥበት የለም፤ በር ላይ ቆሞ ቲኬት የሚጠይቅም የለም። ንጁጉሽ በሚል ስም የሚታወቀው ቲሞቲ ኪማኒ ከሚስቱ ከሰለስቲን ንዲንዳ ጋር የሚሠራው ቀልድ ከቤት ኪራይ፣ ከልጅ ማሳደግ፣ ከባልና ሚስት ንትርክ ይነሣል። የምዜ ኦጅዋንግና የማማ ካያይ ቤት በአዲስ መልክ ተመልሶ የመጣ ይመስላል። ያው ቅላፄ አለ፤ ቅላፄው ቢወጣም ግን ቤቱ ይቀራል። በሌላ በኩል ያው ገበያ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ማሳቅን ስለሚሸልም፣ ፈጣኑ መንገድ ዛሬም ቅላፄ ነው። አዲሱ መድረክ በሩን ሰፋ አድርጎታል፤ ምርጫውን ግን ለቀልደኛው ትቶለታል።

እንግዲህ በስታንድ አፕ ኮሜዲ ውስጥ ያለውን የማኅበረሰብ ውክልና ስንመዝን ስንት ኪኩዩ፣ ስንት ሶማሌ፣ ስንት ሴት ወጣ ብሎ መቁጠር የሥራው መጀመሪያ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የወጣው ሰው በምን ተሳቀበት፣ በምንስ አሳቀ የሚለው ነው። ከሳውዝ ሲ የምትነሣ አንዲት ሶማሌ ወጣት አውሮፕላን ማረፊያውን ዞራ መድረኩ ላይ ብትወጣ፣ ከእርሷ የሚጠበቀው «ዋሪያ»ን ከሌሎቹ በተሻለ እንድትቀዳ ከሆነ መንገዱ አልተከፈተም። ስለ እናቷ፣ ስለ ትምህርት ቤቷ፣ ስለ ጎረቤቷ ሜሩ፣ በ2014 በራቸው ሲንኳኳ አባቷ መታወቂያውን የት እንዳኖረው ስለመርሳቱ ብትናገርና አዳራሹ ቢስቅ ግን፣ ያ ሳቅ ወደ አማርኛም ወደ ሌላም ቋንቋ ቢተረጎም ይስቃል። ተመልካቹም ከአዳራሹ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ከቅላፄ ያለፈ ነገር ይሆናል፤ አንድ ጎረቤት አውቋልና።